ከተቆረጡ ጣቶች የወጣው ድምፅ

38 ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከእኔ ብጤ ሰው በዚህ ገጽ ላይ የሚጠበቀው ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ልጆች ክትባት፣ ቢበዛ ስለ ስኳር ሕመምተኛ አመጋገብ መጻፍ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ የሙዚቃ አልበም ልጽፍ ነው፤ ያውም ከልጆቻችን ክፍል ሲሰማ «ኧረ ቀንሰው!» እያልን በር ስለምናንኳኳበት ስለ ሄቪ ሜታል። አልበሙ «ፓራኖይድ» ይባላል። የሠራው ብላክ ሳባዝ የተባለ የእንግሊዝ ባንድ ነው። ሸክላው ለገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 8 ቀን 1963 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ እኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ በቤታችን ሬዲዮ ጥላሁን ገሠሠን እንሰማለን እንጂ እንዲህ ያለ ሙዚቃ በዓለም ላይ መኖሩንም አናውቅም።

ወደዚህ አልበም ያደረሱኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ልጄ ነው፤ የእሱን ነገር ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ሁለተኛው ጣት ነው። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በቀዶ ሕክምና ክፍል ስለሆነ፣ የተቆረጠ ጣት በአንድ ወጣት ሕይወት ላይ ምን እንደሚያደርስ በቅርብ አይቻለሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው በርሚንግሃም ከተማ፣ አስቶን በሚባል ሰፈር ነው። እግር ኳስ የምትከታተሉ ሰፈሩን በአስቶን ቪላ ስም ታውቁታላችሁ፤ የእኔም ባለቤት የሚያውቀው በዚያ ብቻ ነበር። በርሚንግሃም የፋብሪካ ከተማ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አውሮፕላኖች ክፉኛ ደብድበዋታል። ከጦርነቱ በኋላ የተወለዱት ልጆች በቦምብ በፈራረሱ ቤቶች መካከል እየተጫወቱ አድገዋል። የባንዱ አራት አባላት፣ ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ አዮሚ፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጊዘር በትለር፣ ድራመሩ ቢል ዋርድና ድምፃዊው ኦዚ ኦዝቦርን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 እና በ1949 የተወለዱ የዚያው ሰፈር ልጆች ናቸው። ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀጥሎ የሚጠብቀው የፋብሪካ በር ነበር።

አዮሚ 17 ዓመቱ ሳለ በአንድ የላሜራ ፋብሪካ ውስጥ በበያጅነት ይሠራ ነበር። ከአንድ ባንድ ጋር ወደ ጀርመን ሄዶ ሊጫወት ስለነበር ሥራውን መልቀቁን አሳውቋል። የመጨረሻው የሥራ ቀን ደረሰ። ለምሳ ቤቱ መጥቶ «ከእንግዲህ አልመለስም» ቢላት፣ እናቱ ሄዶ ሥራውን በአግባቡ እንዲጨርስ አዘዘችው። ማናችንም እናቶች የምንለውን ነው ያለችው። በዚያ ቀን ላሜራውን የሚጫነው ሠራተኛ ስላልነበረ፣ ልጁን በማያውቀው ማሽን ላይ አቆሙት። ማሽኑ እጁ ላይ ወረደበት። ደንግጦ ሲመነጭቀው የመካከለኛውና የቀለበት ጣቱ ጫፎች እዚያው ቀሩ።

የተቆረጠው ቀኝ እጁ ነው። አብዛኛው ጊታር ተጫዋች በቀኝ እጁ ክሩን ይመታል፣ በግራ እጁ ጣቶች ደግሞ የጊታሩ አንገት ላይ ክሩን እየተጫነ ድምፁን ይለዋውጣል። አዮሚ ግን ግራኝ ነው። ግራኝ ሰው ጊታሩን ገልብጦ ስለሚይዝ፣ ክሩን የሚጫኑት የቀኝ እጁ ጣቶች ናቸው። ስለዚህ ያጣው የሙያውን ዋና መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል። ሐኪሞቹም ጊታሩን እንዲረሳው ነገሩት።

እዚህ ላይ እንደ ነርስ አንድ ነገር ልበል። የጣት ጫፍ ትንሽ ሥጋ ይመስላል እንጂ የስሜት ነርቮች እጅግ ተጠጋግተው ከሚገኙባቸው የሰውነታችን ክፍሎች አንዱ ነው። ጨርቅ ጥጥ ይሁን ሐር፣ ውኃው ለብ ያለ ይሁን የሚያቃጥል፣ በእሱ ነው የምናውቀው። ጫፉ ሲቆረጥ ቁስሉ በሳምንታት ውስጥ ሊድን ይችላል። የተቆረጠው ነርቭ ግን ጠባሳው ሥር ሆኖ፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ ሰውን የሚያስጮህበት ጊዜ አለ። በዚህ ላይ በቀጭን ብረት ክር ላይ መጫንን አስቡት።

ከእንጨት ሥራ ቤት የመጣ አንድ ወጣት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። መጋዝ ነው ሁለት ጣቶቹን ጫፍ ጫፋቸውን የወሰደበት። ለድሬሲንግ በየሁለት ቀኑ ይመጣል። ፋሻው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ሳላቅቀው ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል። አንድ ቀን ግን «ሲስተር፣ ከእንግዲህ ማን ይቀጥረኛል?» አለኝ። ለሕመም የሚሰጥ መርፌ አለን፤ ለዚያ ጥያቄ የሚሰጥ ግን በመድኃኒት መደርደሪያው ላይ አልነበረም። እጁን አስሬ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ሸኘሁት። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በቃሊቲና በአቃቂ በኩል ካሉ ፋብሪካዎች ከሚመጡ ልጆችም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የጣት ጉዳት ሰውን የሚጎዳው እጁ ላይ ብቻ አይደለም፤ «እኔ ምንድነኝ?» የሚለውንም ይነካል።

ለአዮሚ መልስ ይዞ የመጣው የፋብሪካው አለቃ ነበር። ልጁን ሊጠይቀው ቤቱ ሄደ፤ ሸክላም ይዞለት ሄደ። ልጁ በዚያ ሰዓት የጊታር ድምፅ መስማት አልፈለገም፤ አለቃው ግን ለምኖ አሰማው። ከጨረሰ በኋላ፣ ይህን የሚጫወተው ሰው ክሩን በሚጫንበት እጁ በደንብ የሚሠሩለት ጣቶች ሁለት ብቻ እንደሆኑ ነገረው። ተጫዋቹ ጃንጎ ራይንሃርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ይኖርበት የነበረው ጋሪ ቤት ተቃጥሎ ሁለት ጣቶቹ የተኮማተሩበት፣ ከዚያ ወዲያ ግን በአውሮፓ ስመ ጥር የሆነ የጃዝ ጊታር ተጫዋች ነው።

ከዚያ በኋላ አዮሚ ያደረገውን ማንኛውም የሰው ሠራሽ አካል ባለሙያ ያደንቀዋል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ የነበረበትን የላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ አድበለበለው። በጋለ ብረት ቀዳዳ አወጣለት። ጣቱ ውስጡ እስኪገባ ድረስ እያሞቀና እየፋቀ አስተካከለው። ላስቲኩ ክሩ ላይ ሲንሸራተትበት ደግሞ ከአሮጌ ጃኬት ቆዳ ቆርጦ አለበሰው። ልብስ ሰፊ መርፌ እንዳይወጋው ጣቱ ላይ የሚያጠልቀውን ብረት ታውቁ የለ? እሱን የመሰለ ነገር ነው። ቀጥሎ የጊታር ክር ወፍራም ሆነበት፤ ቀጭን ክር በገበያ ላይ ስላልነበረ የባንጆ ክር ገዝቶ ጊታሩ ላይ ወጠረ። በጣቱ ጫፍ ክሩ አይሰማውም፤ ስለዚህ በጆሮውና በጉልበቱ ተማመነ። ጣቶቹ እንደ ልብ የማይዘረጉባቸውን አያያዞች ትቶ በጥቂት ጣት የሚያዙትን፣ ግን ወፍረውና ከብደው የሚሰሙትን መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ሦስተኛ አልበማቸው ላይ ደግሞ ለጣቶቹ እንዲቀለው ክሮቹን ከተለመደው ቅኝት ዝቅ አድርጎ አላላቸው። ድምፁ ይበልጥ ወፈረ። ዛሬ በመላው ዓለም ሄቪ ሜታል የሚጫወቱ ጤነኛ ጣት ያላቸው ልጆች ክራቸውን አላልተው የሚጫወቱት፣ አንድ የቆሰለ ልጅ ሕመሙን ለመቀነስ ባገኘው መላ ነው።

ባንዱ ስሙን የወሰደው ከፊልም ነው። ከሚለማመዱበት ክፍል ፊት ለፊት ካለ ሲኒማ ቤት «ብላክ ሳባዝ» የሚባል አስፈሪ ፊልም ይታይ ነበር። ሰው ለመፍራት ብሎ ገንዘብ ከፍሎ ይሰለፋል፤ ታዲያ የሚያስፈራ ሙዚቃ ለምን አይኖርም አሉ። ስሙ ግን መዘዝ አመጣ። ሰይጣን አምላኪዎች ናቸው ተባለ። በትለር ብዙ ልጆች ካሉት የአየርላንድ ካቶሊክ ቤተሰብ የተወለደ ነው። አራቱም አንገታቸው ላይ መስቀል ያደርጉ ነበር፤ መስቀሉን ከአሉሚኒየም የሠራላቸው በፋብሪካ የመሣሪያ ሠራተኛ የነበረው የኦዚ አባት ነው።

የመጀመሪያ አልበማቸውን ለንደን ውስጥ በአንድ ቀን ነበር የቀዱት። እሱ በፌብሩዋሪ 1970 ወጥቶ ሳይጠበቅ ተሸጠ። አሳታሚው ሌላ ቶሎ እንዲያወጡ ፈለገ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ከፕሮዲዩሰሩ ሮጀር ቤይን ጋር ተመልሰው ስቱዲዮ ገቡ። አብዛኛውን ዘፈን በየመድረኩ ሲጫወቱ አብስለው ስለመጡ ሥራው ብዙ አልፈጀም። አልበሙ ሊያልቅ ሲል ግን ለሸክላው የሚበቃ ርዝመት እንደሌለው ታወቀ። አንድ አጭር ዘፈን ጎደለ። አዮሚ ጊታሩን ይዞ አንድ ዜማ አወጣ፤ በትለር ቶሎ ግጥሙን ጻፈ፤ ኦዚ ወረቀቱን እያነበበ ዘፈነ። እነሱ እንደሚያስታውሱት ሁሉም ነገር ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ያ መሙያ ዘፈን «ፓራኖይድ» ነው። በእንግሊዝ የነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ አራተኛ ደረጃ ደረሰ፤ አልበሙ ደግሞ አንደኛ ሆነ። በእንግሊዝ ድጋሚ አንደኛ የወጣ አልበም ለማግኘት ከዚያ ወዲያ 43 ዓመት፣ እስከ 2013 ድረስ ጠብቀዋል።

አልበሙ ሊሰየም የታሰበው በመጀመሪያው ዘፈን «ዋር ፒግስ» ማለትም «የጦርነት አሳማዎች» በሚለው ነበር። አሳታሚው ስሙን ቀየረው። ሽፋኑ ግን አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለነበር፣ ሰይፍና ጋሻ የያዘ ሰው ስለ አእምሮ ጭንቀት በሚናገር ርዕስ ሥር ቀረ። ልጄ ሸክላውን በስልኩ ሲያሳየኝ «ይሄ ሰውዬ ከርዕሱ ጋር ምን አገናኘው?» ብዬ የጠየቅኩት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ይህን የምጽፈው እሱ ራሱ አንብቦ ከፈቀደልኝ በኋላ ነው።

በ2013 ዓ.ም.፣ በኮሮናው ወቅት፣ ልጄ 22 ዓመቱ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል፤ ሥራ ግን የለም። ቀስ በቀስ ቀኑን ሙሉ መተኛት፣ ሌሊቱን ሙሉ መንቃት ጀመረ። የቀረበለትን ምግብ ነካክቶ ይተወዋል። ጓደኞቹ ሲደውሉ ስልኩን አያነሳም። ገላውን መታጠብ ተወ። ከክፍሉ የሚወጣው ድምፅ አንድ ብቻ ነው፣ ያው ሙዚቃ። ሊጠይቁን የመጡ አንድ ዘመዳችን ድምፁን ሰምተው «ልጁን የያዘው ይሄ ነው፤ ይሄን አጥፉበትና ይነሳል» አሉ። ለክፋት አልነበረም፤ የሚታያቸውን ነው የተናገሩት።

ለእኔ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። በሙያችን በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደረገው ታሪክ መጠየቅ ነው። የት ያምሃል? መቼ ጀመረህ? ምን ሲሆን ይብስብሃል? ልብሱን ሳትገልጥ፣ መርፌ ሳታነሳ፣ መጀመሪያ ትጠይቃለህ። አንድ ምሽት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ «ይሄ ሰውዬ ምን እያለ ነው የሚጮኸው?» አልኩት። ገርሞት ቀና አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ «ቀንሰው» ያለው ሰው እንጂ «ምን ይላል?» ያለው አልነበረም።

አንድ በአንድ ነገረኝ። የመጀመሪያው ዘፈን ጦርነትን የሚያውጁ ባለሥልጣናት እነሱ ቤታቸው ሆነው ድሆችን ወደ ሞት እንደሚልኩ ይናገራል፤ የተጻፈው የቬትናም ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ ነው። ሌላው የኒውክሌር እልቂትን ያስባል። «አይረን ማን» የሚለው፣ የዓለምን ጥፋት አስቀድሞ አይቶ ሊያስጠነቅቅ ሲመለስ በመንገድ ላይ ወደ ብረትነት ስለተለወጠ፣ ሰዎችም ስላላዳመጡት ሰው ነው። «ሃንድ ኦቭ ዱም» ደግሞ ስለ ሄሮይን ነው። ባንዱ ለአሜሪካ ወታደሮች በጦር ሰፈር ሲጫወት፣ በትለር ከቬትናም የተመለሱ ልጆች በመርፌ ሱስ ተይዘው አየ። ዘፈኑ ሱሱን አያሞግስም፤ ሰውየውን ደረጃ በደረጃ ወደ መቃብር ሲሸኘው ያሳያል። ወጣት ነርስ ሳለሁ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር፣ ከግንባር የሚመጡ ቁስለኞችን አስታምሜያለሁ። የአካላቸው ቁስል ሲደርቅ የሌሊቱ ጩኸታቸው የማይደርቅ ነበሩ። ስለዚህ ልጄ ሲያወራ የሰማሁት ነገር እንግዳ አልሆነብኝም።

«ሁለተኛው ዘፈንስ?» አልኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ «እማዬ፣ እሱ እኔ ነኝ» አለኝ።

ያ በግማሽ ሰዓት የተሠራው መሙያ ዘፈን፣ «ፓራኖይድ»፣ ደስታ የሚባል ነገር ስለማይሰማው፣ አእምሮው አላርፍ ስላለው፣ እርዳታ እየፈለገ ማን እንደሚረዳው ስላጣ ሰው ነው። ፓራኖይድ የሚለው ቃል ራሱ በግጥሙ ውስጥ የለም። በሕክምና ይህ ቃል ሰዎች ሊጎዱኝ ያሴሩብኛል የሚል የጥርጣሬ ሕመምን ያመለክታል። ዘፈኑ የሚገልጸው ግን ሌላ ሕመም ነው፤ ድባቴ የምንለውን። በትለር ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ ያን ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አያውቅም ነበር። የጻፈው የራሱን ሕመም ነው። ወደ ሐኪም ሲሄድ የተሰጠው ምክር መጠጥ ቤት ሄዶ አንድ ሁለት እንዲል፣ ወይም ውሻውን ይዞ እንዲንሸራሸር ነበር። ትክክለኛ ሕክምና ያገኘው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እኛስ አገር «ዞር ዞር በል»፣ «ተጫወት እንጂ»፣ «ምን ጎደለህ?» እያልን የምንሸኘው ስንቱን ነው?

ልጄ ይህን ካለኝ በኋላ ነርስ ሁሉ መጠየቅ ያለባትን ጠየቅኩት። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» አልኩት፣ በቀጥታ፣ ድምፄን ሳልለውጥ። ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል ብሎ ይፈራል። አያስገባም። ሐሳቡ ካለ ብቻውን የተሸከመውን ሸክም ያስወርድለታል። ልጄ ለረጅም ጊዜ ግድግዳውን አየና «አስቤ አውቃለሁ» አለኝ። ያን ሌሊት አጠገቡ ተኛሁ። በማግስቱ ጠዋት አብረን ወደ አእምሮ ሕክምና ባለሙያ ሄድን። መድኃኒት ጀመረ፤ ከባለሙያው ጋር በየሳምንቱ መነጋገር ጀመረ። ወራት ፈጀ። መጀመሪያ እንቅልፉ፣ ከዚያ የምግብ ፍላጎቱ፣ በመጨረሻ ሳቁ ተመለሰ። ዛሬ ሥራ ይዟል። ሙዚቃውንም አልተወም።

ሙዚቃው ነው ያሳመመው ለሚሉ ሰዎች የምመልሰው ከራሳችን ቤት ነው። ሐዘን የገባ ቤት እናት ስታንጎራጉር እንጉርጉሮው ሐዘኑን ፈጠረው የሚል የለም። ትዝታ የሚሰማን ሰው ዘፈኑ ነው ያስተከዘህ አንለውም፤ ትካዜውን የሚያወጣበት እንደሆነ እናውቃለን። የበርሚንግሃም ልጆች ጩኸት እነሱ ካደጉበት የመጣ ነው፤ ሌት ተቀን ከሚመታው የፋብሪካ ማሽን፣ ከፍርስራሹ፣ ከጦርነቱ ወሬ። በግሌ ከስምንቱ ዘፈኖች ደስ ብሎኝ የምሰማው አንዱን ነው፤ «ፕላኔት ካራቫን» የሚባለውን ዝግ ያለና ለስላሳ ዘፈን። የሌሎቹን ድምፅ ጆሮዬ አልለመደውም፤ የሚሉትን ግን ገብቶኛል።

ነገሩን ከልክ በላይ እንዳላሳምር ደግሞ ሌላውን ገጽ ልንገራችሁ። ስለ ሄሮይን ሞት የዘፈኑት እነዚያው ልጆች ብዙም ሳይቆዩ እነሱም በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ተያዙ። ኦዚ እ.ኤ.አ. በ1979 ከባንዱ የተባረረው በዚህ ምክንያት ነው። ሱስ መጥፎ መሆኑን ማወቅና መዝፈን ከሱስ አላዳናቸውም። ይህ ለእኔ ትልቁ ትምህርት ነው። ሕመምን በስሙ መጥራት የሕክምና መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሐኪም ያስፈልጋል፣ መድኃኒት ያስፈልጋል፣ አጠገብህ የሚተኛ ሰው ያስፈልጋል። ዘፈኑ ልጄን አላዳነውም። ዘፈኑ ያደረገው፣ ቃል ያጣለትን ነገር ቃል መስጠት ነው።

ያ በወቅቱ የሙዚቃ ሐያስያን የናቁት አልበም አድጎ ብዙ ልጆች ወለደ። በአሜሪካ ብቻ ከአራት ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የሮክ ሙዚቃ የክብር መዝገብ ውስጥ ሲገባ ያስተዋወቁት የሜታሊካ አባላት ናቸው። በ2017 ሮሊንግ ስቶን መጽሔት መቶ ምርጥ የሜታል አልበሞችን ሲደረድር «ፓራኖይድን» አንደኛ አደረገው። በአህጉራችንም በቦትስዋናና በኬንያ የሜታል ባንዶች አሉ። በርሚንግሃም ደግሞ ከመንገዶቿ አንዱ ላይ ያለውን የቦይ ድልድይ በባንዱ ስም ሰይማዋለች።

ኦዚ በ2020 የፓርኪንሰን ሕመምተኛ መሆኑን ለሕዝብ ተናገረ። ይህ ሕመም ጡንቻን የሚያደርቅ፣ እጅን የሚያንቀጠቅጥ፣ እርምጃን የሚያሳጥር ነው። አረጋውያን ወላጆቻችሁን ያስታመማችሁ ታውቁታላችሁ። ብዙዎቹ ቤተሰቦች እንዲህ ያለ በሽተኛ ከሰው ፊት ይደብቃሉ። እሱ ግን ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ባደገበት ሰፈር፣ በአስቶን ቪላ ስታዲየም፣ ከ40 ሺሕ በላይ ሕዝብ ፊት ወጣ። መቆም ስላልቻለ ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። አራቱ የሰፈር ልጆች ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ ላይ ተጫወቱ፤ አዮሚም እነዚያን የላስቲክ ጣቶቹን አጥልቆ። የመጨረሻው ዘፈናቸው «ፓራኖይድ» ነበር። ገቢው ለፓርኪንሰን ምርምር፣ ለበርሚንግሃም የሕፃናት ሆስፒታልና በጠና ለታመሙ ሕፃናት ማስታመሚያ እንዲውል የታሰበ ነበር። ከ17 ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 15፣ ኦዚ በ76 ዓመቱ አረፈ። ልጄ ከሥራ ደውሎ ነገረኝ፤ የሚያውቁት ሰው እንደሞተ ነበር ድምፁ። እኔም «ነፍስ ይማር» አልኩት።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ የሚሰሙትን እንድትወዱ አልጠይቃችሁም። ልጃችሁ ከሁለት ሳምንት በላይ ከወትሮው ከተለወጠ፣ እንቅልፉና ምግቡ ከተዛባ፣ ይወደው የነበረውን ሁሉ ከተወ፣ ራሱን እንደማይረባ ከቆጠረ፣ ድምፁን ከማጥፋታችሁ በፊት ቃሉን ጠይቁት። መኖር እንዳልፈለገ ከነገራችሁ ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ጤና ተቋም ይዛችሁት ሂዱ። ድባቴ የሚታከም ሕመም ነው፤ ስንፍናም፣ ቅብጠትም፣ የዘፈን ውጤትም አይደለም። «ፓራኖይድ» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 42 ደቂቃ ያህል ነው። አንድ ምሽት ልጃችሁ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣችሁ «ምን ይላል?» እያላችሁ ለመስማት የሚበቃ ጊዜ ነው።